የኔሮ ፀጉር

ባሕር ማዶ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ በሚባል ጎዳና ላይ በነበረ የጥንት ሳንቲም ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አንድ የሮማ ነሐስ ሳንቲም እንደ ድስት ፈትጌ አብለጨለጭኩት። የሱቁ ባለቤት ሚስተር ዋልተር ሲያየው ፊቱ ቀላ። «ዘመን ያለበሰው አረንጓዴ ቆዳው ነበር፤ ገፈፍሽው» አለ። የተረጎመልኝ ሥራውን ያገኘልኝ ሻጩ ተፈሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተጠነቀቅኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ሁለት ልጆች የማሳድግ ፈሪ ሴት ነኝ። ሳንቲሙን በተጣራ ውሃ ለሳምንታት እዘፈዝፋለሁ፤ የቀረውን አፈር በማጉያ መነጽር እያየሁ በቀርከሃ ስንጥር አነሳለሁ። ብረት አላስነካውም።

የሮማው ቄሣር የኔሮ ምስል ያለበት ሳንቲም ሲመጣ ተፈሪ ይቀልድብኝ ነበር። «ጴጥሮስን የሰቀለውን ሰውዬ ፀጉር ስታበጥሪ ዋልሽ?»

«ጭቃውን ነው የማነሳለት፤ ኃጢአቱን አይደለም» እለዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ትልቅ የኔሮ ነሐስ መጣ። የምስሉ ፀጉር አልቆ ልሙጥ ሆኗል። አጽድቼ አስረከብኩ። በማግስቱ ሚስተር ዋልተር ፀጉሩን በስል ብረት መስመር በመስመር ሲቀርጽ፣ በላዩም አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ አየሁት። ንብረቱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ የገዙት ጡረተኛ መምህር ይዘውት ተመለሱ። «ይህ ፀጉር አዲስ ነው» አሉ።

ሚስተር ዋልተር ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «የምታጸዳው እሷ ናት። ማንበብ እንኳ አትችልም፤ ቧጥጣው ይሆናል።»

እንግሊዝኛው ገባኝ። ማንበብማ በአማርኛ እችላለሁ።

«እህቴ፣ ዝም በይ፤ ልጆች አሉሽ» አለኝ ተፈሪ በአማርኛ።

«በዚህ ስም ከወጣሁ ማን ይቀጥረኛል? ምን ላበላቸው? ተርጉምልኝ።»

አንገቱን ደፋ። እኔው መሳቢያዬን ከፈትኩ። አበላሸሽ እንዳልባል፣ እያንዳንዱን ሳንቲም ከማጽዳቴ በፊትና በኋላ ወረቀት አልብሼ በእርሳስ አሽቼ መልኩን አስቀር ነበር። የኔሮን ሁለት ወረቀቶች ለመምህሩ ሰጠኋቸው። በሁለቱም ላይ ፀጉሩ ልሙጥ ነው።

ሚስተር ዋልተር ሳንቲሙን መልሶ ተቀበለ። እኔን ይቅርታ አልጠየቀኝም። «ከዛሬ ጀምሮ በእርሳስ መቅዳት የለም» አለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ብሩክሄቨን በሚባል አካባቢ የሆቴል አንሶላ እያጠብኩ ልጆቼን አሳደግኩ። አለመማሬን ለማጭበርበሩ መሸፈኛ ሊያደርገው መሞከሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነሐስ ለምታጸዱ የምለው ይህን ነው። አፈር ይነሳል፤ ያለቀ ፊት አይቀረጽም። ሲቀረጽ ካያችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ። እኔ የተናገርኩት ጣት ወደ እኔ ሲቀሰር ነው፤ ያኔ ሳንቲሙ ተበላሽቶ ነበር።