የአባቴ ሁለት ዱዓ

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ኮምቦልቻ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የክረምት የምህንድስና ሥልጠና ገባሁ። ከስቴኪኒና ከኮላ የሠራሁት ድልድይ በሚፈተንበት ቀን አባቴ ሊጠይቀኝ ከኩታበር መጣ። ድልድዩ እስኪሰበር ድረስ መምህሩ ብረት እንደሚጭንበት ሲሰማ ደነገጠ። በሰልጣኙ ሁሉ ፊት እጁን ዘርግቶ፣ «ያረቢ፣ የልጄን ልፋት አትስበርብኝ። አሚን በሉ እንጂ» አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሚን አለ፤ እኔ መግቢያ ጠፋኝ።

ያለው ብረት ሁሉ ተጭኖ አለቀ፤ ድልድዩ ንቅንቅ አላለም። መምህሩ ግራ ገብቶት፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ካልተሰበረ እኮ ስንት እንደሚችል አላውቅም፤ ውጤት ልሰጣት አልችልም» አለው።

አባቴ ትንሽ አሰበና እጁን እንደገና ዘረጋ።

«ያረቢ፣ የቅድሙን ተወው፤ ስበርልን።»

አሚን ብለን ሳንጨርስ ድልድዩ ቋ አለ።