ስልሳ ሁለት ቁጥር

በልብስ አጣቢዋ ኮሌታ ላይ ቀይ ክር የገባበት መርፌ አይጠፋም። በወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየሸሚዙ አንገት የተማሪውን ቁጥር ስትጠልፍ ኖራለች። መደርደሪያዋ መቶ ክፍል፣ ቁጥሩም መቶ ነው፤ አንዱ ሲመረቅ ቁጥሩ ለአዲስ ገቢ ይተላለፋል። ስልሳ ሁለትን ግን ለማንም አልሰጠችም፤ እዚሁ ሲማር ታሞ የሞተው ልጇ ቁጥር ነበር።

ዘንድሮ መቶው ተማሪ ሞላ። መጨረሻ የመጣው ከሲታ ልጅ ሸሚዙን ታቅፎ በሯ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ቁጥር የለኝም እንዴ? ልጆቹ ‹ዜሮ› እያሉ ያበሽቁኛል።»

ሳቋ አመለጣት። በመስኮቱ ስታይ፣ ገመዱ ላይ የተሰጡት ሸሚዞች ነፋስ ሞልቷቸው እጃቸውን ዘርግተው የሚሮጡ ልጆች መስለዋል። አንደኛው ዞሮ ያያት መሰላት።

«ና እስቲ፣ የኔ ጌታ» አለችና መርፌውን ነቀለች።

ስልሳ ሁለትን ቀስ ብላ ጠለፈች።

«የማን ነበር?»

«ኳስ የማይችል፣ ካልተጫወትኩ ብሎ ግን የሚያለቅስ ልጅ ነበር።»

«ልክ እንደኔ!»

ሸሚዙን አልብሳ ኮሌታውን አስተካከለችለት። ከዚያ ቅርጫቷን አነሳችና በነጫጮቹ ሸሚዞች መሃል ብቅ ጥልቅ እያለች ሄደች።