ጫጫታ የተባለው ለቅሶ

እኛ ቤት ሙሾ የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣችው እናቴ ናት። የሰሜን ጎንደርን ደጋ ሙሾ ለሦስተኛ ዲግሪዬ አጠናለሁ ብዬ፣ አዘዞ ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሬን የከፈትኩ ሰሞን፣ የመጀመሪያዋ አስለቃሽ ገና አንድ ስንኝ ሳትጨርስ እናቴ ከማድቤት መጥታ ቆመችብኝ። «ሬሳ በሌለበት ምን ሙሾ ታሰሚኛለሽ? ምነው ልጄ፣ ማንን ልትገድዪብኝ ነው?» አለችኝ። ተከራከርኳት። ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ጥናት ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ፈቅዶልኛል አልኳት። «እንግዲያ ዩኒቨርሲቲው እቤቱ ያስለቅስ» ብላኝ ተመለሰች። ማዳመጫ ገዛሁ።

እውነቷን ነው ደግሞ። በእኛ አገር ሙሾ ያለ ሟች አይወርድም። ዳባትና ደባርቅ ድረስ ሄጄ የለመንኳቸው አስለቃሾች አብልተው አጠጥተው ሸኙኝ እንጂ አንዲት ስንኝ አልሰጡኝም። መቅረጫ ይዤ ለቅሶ ቤት መግባት ደግሞ አልችልበትም፤ ሰው ደረቱን እየደቃ መሣሪያ መደገን ነውር ይመስለኛል። የቀረልኝ ኢንተርኔት ነበር። አሁን አሁን ቤተሰብ ለቅሶውን ያስቀርጻል፤ በአካል መድረስ ላልቻለ ዘመድ ብሎ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ ማንም አንሥቶ በራሱ ቻናል ይጭነዋል። ያንኑ ሙሾ አንዱ የወገራ ነው ይላል፣ ሌላው የጎጃም፣ ሌላው የወሎ። የሟች ስም የለ፣ የአስለቃሿ ስም የለ፣ ቀበሌ የለ። «አንጀት የሚበላ ሙሾ፣ እስከ መጨረሻው ይመልከቱ» የሚለው ርዕስ ግን አይጠፋም። ይህን ሳይ ደሜ ይፈላል። አንዳንዴ ከሥር ካሉት አስተያየቶች መካከል «ይችን ሴት አውቃታለሁ፣ የእናቴ ጎረቤት ናት» የሚል ሰው ብቅ ይላል። ለእሱ እጽፍለታለሁ፤ ከመለሰልኝ እደውልለታለሁ፤ ግጥሙ ወደ ሠንጠረዤ የሚገባው ቦታውን ካረጋገጠልኝ በኋላ ነው። ኔትወርኩ ሲመጣ መብራቱ ይሄዳል፣ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩ። እንዲህ እያልኩ ብዙ ሰበሰብኩ።

በዚህ መካከል አክስቴ ዛሪማ ላይ ሞተች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት ነበራት፤ ሾፌሩም ነጋዴውም እሷ ዘንድ ሳያርፍ አያልፍም ነበር። በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቷል፣ ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚያልፍ መኪና የለም። መርዶ በወጉ ቢሆን ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። ለእናቴ ግን በስልክ ደረሳት፣ እሱም እየተቆራረጠ። ከታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን፣ እዚሁ ጎንደር ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም እናት፣ ከሁሉ ቀድማ መጥታ አቅፋት ተቀመጠች። ሌሎቹም መጡ። እርምሽን አውጪ ብለው ለመኗት። እናቴ አላለቀሰችም። እህቷን ሳትቀብር፣ ከአልቃሹ መሐል ሳትቆም፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ አልሆነላትም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፏ ተቃወሰ። ሥጋ አልበላም አለች። ጸሎት ጀምራ ታቋርጣለች። ፈራሁላት።

ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር። «አስለቃሿ እኔን እንዴት አድርጋ አነሣችኝ?» ትላለች። በእኛ ወግ አስለቃሽ የመጣውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም ታነሣለች። ምክንያት ላለው ታዝንለታለች፤ ችላ ያለውን በግጥም ወግታ ለአገሩ ትሰጠዋለች። የተባለው ነገር ከቀብር በኋላም ከሰው አፍ አይጠፋም። የዛሪማ ዘመዶቻችንን በስልክ ብንጠይቃቸው «ያኔ ማን ይሰማል፣ ሁላችን እያለቀስን» አሉን። እናቴ የደበቋት መሰላት። «ክፉ ባይሆን ይነግሩኝ ነበር» አለች።

ቪዲዮውን ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። «የገጠር ለቅሶ» ከሚል ርዕስ ሥር የአክስቴን ቤት ሰማያዊ በር አየሁ፣ ከፊቱ ድንኳን ተተክሎ። የዩኒቨርሲቲ ቢሮዬን በር ቆለፍኩ። አስለቃሿ ነጠላዋን ታጥቃ መሐል ቆማለች። ሁለት ስንኝ ታወርዳለች፣ ሕዝቡ በዋይታ ይቀበላታል፣ ደግሞ ታወርዳለች። አንድ ቦታ ላይ «ጎንደር ያለች እህቷ» ስትል ሰማሁ። ወዲያው ለቅሶው ገንፍሎ የቀረውን ዋጠው። ደጋግሜ መለስኩት፤ አልሰማ አለኝ።

ያለኝን መሣሪያ ሁሉ ሞከርኩ። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ፕሮግራም ሙሾውን በሙሉ «ሙዚቃ» በምትል ቃል አሳለፈው። ፍጥነቱን ቀነስኩ፤ ዋይታው ረዘመ እንጂ ቃሉ አልወጣም። በመጨረሻ ድምፅን ከድምፅ የሚለይ ፕሮግራም አወረድኩ። ቅጂውን ለሁለት ከፈለውና አንዱን «ንግግር»፣ ሌላውን «ጫጫታ» አለው። አስለቃሿ ንግግር ሆነች፤ የዛሪማ ሰው ለቅሶ ጫጫታ ተባለ። ጫጫታውን አጠፋሁት። ስንኙ ጥርት ብሎ ወጣ። ሠንጠረዤ ላይ ጻፍኩት፤ ሙሾ እንዲህ ቃል በቃል ሰምቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ለእናቴ ነገርኳት።

«ሬሳው ባለበት ነው የተቀዳው?»

«አዎ እማዬ። ድንኳኑ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ ክፈቺው። ጆሮ ውስጥ በሚገባው አይደለም።»

ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቃ ለበሰችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩን ፊቷ አስቀምጬ ከፈትኩት።

መንገደኛው ሁሉ በደጅሽ ያውቅሻል፤
ዛሬ አንቺ ስትሄጂ ማን እደሪ ይልሻል።

«ሸጋ አልቃሽ ናት» አለች እናቴ በቀስታ። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። ምንም አይሰማም። አስለቃሿ ሌላ ስንኝ አወረደች፣ እንደገና ጸጥ አለ።

«ምነው ዝም አሉ?»

ምን እንዳደረግኩ ገና ያኔ ገባኝ።

«ሰው አልመጣም? ያን ሁሉ መንገደኛ ያበላች ሴት፣ የሚቀበልላት ሰው አጣች?» ያለ ተቀባይ የሚወርድ ሙሾ ሰው የሌለው፣ ዘመድ የከዳው ሬሳ ሙሾ ነው። ለእናቴ ከዚህ የባሰ መርዶ ላመጣላት አልችልም ነበር።

«እማዬ፣ ሰዉማ ሞልቷል። እይው። ቃሉ እንዲሰማሽ ብዬ ለቅሷቸውን እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ደረታቸውን ይመታሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ከመካከላቸው አንዳንዶቹን አወቀቻቸው፤ በጣቷ እየነካች አየቻቸው። አስለቃሿ ወደ ሌላው ወገን ዞረች።

ጎንደር ያለች እህቷ መንገድ ተዘጋባት፤
እናንተም ስታለቅሱ ቦታ አትዝጉባት።

ቃሉ አንድም አልጠፋም። ከዚያ ጸጥታው መጣ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀሰውን ያህል ረጅም ጸጥታ። እናቴ በዚያ ባዶ ውስጥ ተቀምጣ ማየት አልቻልኩም። ሙሉውን ቅጂ ልከፍትላት፣ ሰዎቹን ልመልስላት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ያዘችኝ።

«ተይው» አለችኝ። «እነሱ አልቅሰዋል። ቦታዬን አትዝጊብኝ።»

ተነሥታ ቆመች። ከዛሪማ ስልክ ከተደወለበት ቀን ጀምሮ አንዴም ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከእናቴ ወጣ፤ እህቴ፣ እህቴ እያለች ደረቷን መታች። ከታች በር ተከፍቶ ሰው በደረጃው ሲወጣ ይሰማኛል። አስለቃሿ፣ እናቴ እስክትጨርስ የጠበቀቻት ይመስል፣ ቀጣዩን ስንኝ ያወረደችው ከዚያ በኋላ ነበር።