የጾም የሚመስለው ምስር

ከሕንድ የመጡት ፑንጃቦች የመንገድ ዳር የሾፌር ምግብ ቤታቸውን ዳባ ይሉታል። ሾፌር የነበረው አባቴ የለመደው ዳባ እዚህ ካናዳ፣ በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ አጠገብ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም ከሰፈራችን ከፔንብሩክ ሜዶውስ እየነዳሁ እወስደው ነበር። የብረት ሳህኑ፣ ከነቃሪያው የሚቀርበው ጥሬ ሽንኩርት፣ ሮቲ የሚሉት ሳይጠይቁ የሚደገመው ትኩስ ቂጣ፣ ከወተት ጋር የሚንተከተከው ሻይ ዛሬም ይናፍቀኛል። ጥምጣም ያሰረው ወጥ ሠሪ አባቴን «ፓጂ» ይለዋል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው።

ያን ዓመት አባቴ ከስቶ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሠራሁለትን ሁሉ ቀምሶ ይተወዋል። ሁዳዴ ሲገባ ይብስበታል ብዬ ፈራሁ። እሱ እንደሆነ በጾም ቀልድ አያውቅም፤ ብስኩት እንኳ ካርቶኑን ገልብጦ ሳያነብ አይበላም። ዳባው ውስጥ ግን ጥቁር ምስር አዝዞ ሳህኑን በሮቲ ጠርጎ ጨረሰ። ደስ ብሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቀን ከሳህኑ አጥቅሼ ቀመስኩ። ቅቤ! በዚያ ላይ ክሬም። የዋህ አባቴ ለካ ጾሙን ሲገድፍ ከርሟል። ብነግረው ሁለተኛ እዚህ አይረግጥም፤ መብላቱንም ያቆማል። ዝም ብል ደግሞ ኃጢአቱ የእኔ ነው። የሆዴን በሆዴ ይዤ ወደ ማድ ቤቱ ሄድኩ።

«አንክል፣ ለአባቴ እስከ ፋሲካ በዘይት ብቻ ሥራለት» አልኩት በእንግሊዝኛ።

«ምስር ያለ ቅቤ?» አለኝ፣ የሰደብኩት ይመስል። ቢሆንም እሺ አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ አንዴ ጎረሰና ሮቲውን አስቀመጠ።

«ዛሬ ቅቤው የት ሄደ?»

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?»

«ቅቤ ሳልለይ ነው እንዴ ያረጀሁት?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ዶክተሩ የምርመራዬን ሪዛልት ነገረኝ። ጥሩ አይደለም። የንስሐ አባቴም በሽተኛ ነህ፣ አትጹም አሉኝ። ቤት ውስጥ ሥጋ ስበላ ብታዪኝ ለምን ትያለሽ። ይሄ ግን የጾም ይመስላል።»

አጠገባችን ሾፌሮቹ ይሳሳቃሉ። ክሳቱን በሐዘን ሳመካኝ፣ ለጾሙ ስጨነቅ የከረምኩት ሞኟ እኔ ነኝ። ተነሥቼ ወጥ ሠሪው ቅቤውን እንዲመልስ ነገርኩት። ምስሩ ሲመጣ ሮቲ ቆርሼ ከአባቴ ሳህን አጠቀስኩ።

«አንቺ ጾመኛ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ።

«ብቻህን አትበላም፣ አባዬ» አልኩት።