በማስታወቂያ የጠራሁት ደቦ

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ የሆነ ነገር ነው። የሰርግ ድንኳን ባየሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን ያስቀኛል። ሰው አበደ ሳይለኝ ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የምሠራው ከቦሌ ወዲያ፣ በከተማው ምሥራቅ ዳርቻ ባለ አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የምርት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ጠዋት ለየላይኑ በቀኑ መሰፋት ያለበትን ብዛት፣ ታርጌቱን፣ እሰጣለሁ፣ በየሰዓቱ ሰሌዳው ላይ የተሞላውን አያለሁ፣ ከጎደለ እጮሃለሁ። ላይን የምንለው በተርታ ተቀምጠው አንዱ ኮሌታ፣ አንዱ እጅጌ እየሰፉ ሸሚዙን እየተቀባበሉ የሚጨርሱትን ሠራተኞች ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ እወዳለሁ። ባለቤቴ "ፍሪጁ ላይ አለመለጠፍህም ተመስገን ነው" ትለኛለች።

በዚያ ሳምንት አራተኛ ላይን የሚሰፋው ጨርቅ ዘግይቶ ገባ። ሸሚዙን የሚወስደው ኮንቴይነር ደግሞ ሰኞ ጠዋት መነሳት ነበረበት። ገዢው ከዚህ በፊትም ዘግይተንበት ስለነበር፣ አሁን ከደገምነው ሌላ ትእዛዝ እንደማይሰጠን በግልጽ ነግሮናል። ትእዛዙ ከቀረ አራተኛ ላይን ይዘጋል። ሠራተኞቹም ይህን ያውቃሉ።

እንደ ልማዴ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ እሑድ አራተኛ ላይን በሙሉ ሥራ ይገባል።

ትንሽ ቆይታ የላይኑ ኃላፊ አስካለ ቢሮዬ መጣች።

"ጋሽ ዳኒ፣ እሑድ እኮ የለሊሴ ሰርግ ነው። ላይኑ በሙሉ አሳላፊ ነው። እኛ ከቀረን ለእንግዳው ምግብ የሚያቀርብ ሰው የለም።"

ለሊሴ ኮሌታ ሰፊያችን ናት። ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው እዚያው አካባቢ ያርሱ የነበሩ ናቸው። እሷ በሳቀች ቀን ላይኑ ይስቃል።

"ሰርጉን በሳምንት መግፋት አይቻልም?" አልኩ።

"ጠላው ተጠምቆ?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። "ሰርጉን ብንተው ለሊሴን እናሳዝናለን። ሥራውን ብንተው እንጀራችን ነው። እርስዎ የቱን ይላሉ?"

እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ሸኘኋት።

በማግስቱ ለሊሴ ራሷ መጣች። እሷ ደግሞ ነገሩ ቀላል ሆኖ ነው የታያት። "እኛ ሰፈር እህል ደርሶ እጅ ሲያጥር ደቦ ይጠራል" አለችኝ። "ሌሎቹ ላይኖች ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ናቸው። ደቦ ይጥሯቸው።"

"ለትርፍ ሰዓት ስጠራቸው መቼ እሺ ብለውኝ ያውቃሉ?"

"የትርፍ ሰዓቱ እንደ ደንቡ ይታሰብላቸው። እርስዎ ግን በደቦ ይጥሯቸው።"

እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ደቦን የማውቀው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ቢሆንም ሐሳቡ ደስ አለኝና ወዲያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። "ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደቦ የተጠራ ስለሆነ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ሠራተኞች እንድትመዘገቡ እናሳስባለን።" ፈረምኩበት። ማህተምም መታሁበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ፊት ሰው ተሰብስቦ ሳይ ተሳካ ብዬ ደስ አለኝ። ቀረብ ስል ግን የሚመዘገብ አንድም ሰው የለም። ሁሉም እንባው እስኪወርድ ይስቃል፤ ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ የሚያነሳም ነበር።

"ደቦ በማህተም!" አለች አስካለ ሆዷን ይዛ። "ጋሽ ዳኒ፣ ደቦ እኮ በአፍ ነው የሚጠራው። ባለ ሥራው ራሱ በየሰዉ ደጅ ሄዶ 'እጅ አጥሮኛልና ድረሱልኝ' ይላል።"

ማዘዝ የለመደ አፍ መለመን ይከብደዋል። ላብ በላብ ሆኜ አንደኛ ላይን ሄድኩና ከመጀመሪያዋ የስፌት መኪና አጠገብ ቆምኩ። የተቀመጡት ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ ያሉ ሴት ናቸው። መኪናቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝ።

"ምን ሆንክ ልጄ?"

"እጅ አጥሮኛል" አልኩ። "ቅዳሜ ድረሱልኝ።"

"ምን ታበላናለህ?"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። "ድፎ ዳቦ" አልኩ ባፌ እንደመጣልኝ።

"እንግዲያስ መጣን!" አሉ ጮክ ብለው። በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ያሉትን መኪናዎች መዞር አልከበደኝም፤ እንዲያውም ጣመኝ።

ለባለቤቴ ስነግራት "በኔ ዳቦ ነው ደቦ የጠራኸው?" ብላ አንገቷን ነቀነቀች። ግን ሰፈራችን ሳሊተ ምሕረት ካሉ ጎረቤቶቻችን ጋር ሆና ጋገረችልኝ። እሷም በአፏ ነው የጠራቻቸው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ከየላይኑ መጥተው ሥራውን ተከፋፈሉት። ቆራጮቹ ጨርቅ ያቀብላሉ፣ ካውያ ተኳሾቹ ካርቶን ይሸከማሉ። ትንሽ ቆይቶ ዘፈን ተነሳ። አንዷ በኦሮምኛ ታወጣለች ሌላው ይቀበላል፤ ደግሞ ወደ አማርኛ ይገለበጣል። እኔ ሥራው ይበላሻል ብዬ ልቤ ተሰቅላ ነበር። ጥራት ተቆጣጣሪዋን ሄጄ ስጠይቃት "ከሌላው ቀን ይሻላል፣ አይረብሹኝ" አለችኝ።

በመሃል እልልታው ቀለጠ። ለሊሴ እንሶስላ ሞቃ፣ እጇ ቀልቶ፣ ከእናቷ ተደብቃ መጥታለች። ልትሰፋ ስትቀመጥ ተቆጣጣሪዋ ዘልላ ተነሳች። "በዚህ እጅሽ ነጭ ሸሚዝ አትነኪም!" ለሊሴም እጇን ወደ ላይ ይዛ ከላይኑ ጫፍ ቆመችና ዘፈኑን ተረከበች።

ጀምበር ሳትጠልቅ የመጨረሻው ካርቶን ታሸገ። አልደብቅም፣ አለቀስኩ።

አስካለ እንባዬን እስክጠርግ ጠበቀችኝና "ደቦ ብድር ነው" አለች። "የጠራ ሰው ሲጠሩት ይሄዳል። ነገ የለሊሴ ተራ ነው፤ በጠዋት ይምጡ።"

የክብር እንግዳ የሆንኩ መስሎኝ ሱፍ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ ሄድኩ። ድንኳኑ በር ላይ አስካለ ሽርጥ አሰረችልኝና የወጥ ድስትና ጭልፋ አስያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። በየወንበሩ መሃል ስሮጥ አራተኛ ላይን ከየአቅጣጫው ይጮህብኛል። "ጋሽ ዳኒ፣ ታርጌት ጎደለ!" "ያ ጠረጴዛ ይጠብቃል!" ከረባቴ ወጥ ውስጥ ገባ። ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ሆና በሳቅ ሞተች።

ሙሽሮቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ሲስሙ፣ ጋቢ የለበሱ የለሊሴ አያት ሽበቴንና ሽርጤን አይተው በኦሮምኛ ጠየቋት። ቋንቋውን እንደ ነገሩ ስለምሰማ ገባኝ።

"ይህ ሰውዬ የማን ወገን ነው? የሙሽራው ነው የኛ?"

"የኛ ናቸው አባባ" አለቻቸው። "የአራተኛ ላይን ልጅ ናቸው።"

"ታዲያ የኛ ልጅ ከሆነ ምን ቆሞ ያየኛል? ወጥ ይጨምርልኝ እንጂ!"

ጨመርኩላቸው።

ኮንቴይነሩ ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ወጣ፣ ላይኑም ዛሬ ድረስ ይሠራል። በየስብሰባው ስሜ ከነማዕረጌ ሲጠራ ሰምቻለሁ፤ ደስም ይለኛል፣ ሰው ነኝና። ግን ማነህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ የምመልስለት ለሊሴ ለአያቷ የመለሰችላቸውን ነው።