ከባሕር ማዶ የመጣው ምክር

የባሌ ታናሽ ወንድም ዛሬ በመንገድ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ከወገቡ ይታጠፋል። እኔ አንቱ አልለውም። ባሕር ማዶ ሕግ ሲማር የጻፈው ደብዳቤ ዳዊቴ ውስጥ ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ከእንጦጦ ሥር፣ የካ ነበርን፤ ባሌ ከአባታቸው በወረሱት የገብስ መሬት ላይ። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ የተማሪውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርሁ። ስለ ትምህርቱ ጥቂት፣ ስለ ጫማው ብዙ ይጽፋል። የዚያ አገር ዳኞች የሰው ጠጉር እንደ ቆብ እንደሚደፉ ጽፎ እንድንደነቅ ይጠብቃል። ስስቅ ባሌ ይቆጣሉ።

«ዝም ብለሽ አንብቢ! ይህ ልጅ ነገ አገር ይመራል።»

ጎረቤታችን መሬቱ የኔ ነው ብሎ ሲከሰን፣ ባሌ ጠበቃ መያዝ እምቢ አሉ። ቀጠሮ እያራዘሙ የወንድማቸውን ምክር ወራት ሙሉ ጠበቁ። ምክሩ በደብዳቤ መጣ።

«እሰጥ አገባ ቁማር ነው። ሕግ የሚያውቅ ሰው በበቅሎ አይወራረድም። ባላጋራዎ ሲወራረድ ዝም ይበሉ፤ እውነት ራሷ ትናገራለች።»

ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በአገራችን ችሎት፣ ባላጋራው «እሰጥ!» ሲለው «አገባ!» ብሎ ያልመለሰ እንደ ተረታ ይቆጠራል። ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያሻም።

በቀጠሮው ቀን ጎረቤታችን ዘንጉን እየወዘወዘ ወደ ዳኛው ዘለለ።

«መሬቱ የአባቴ ካልሆነ በቅሎ እሰጥ!»

ባሌ ሸማቸውን አደግድገው ዝም አሉ።

«አገባ ይበሉ እንጂ!» አልሁ ከኋላ።

«ምነው፣ ሰውየው አፋቸውን ቤት ረሱት?» ብሎ አንዱ ሕዝቡን አሳቀ።

ዳኛው ደጋግመው ጠየቋቸው። «እውነት ራሷ ትናገራለች» አሉ ባሌ። አልተናገረችም። መሬቱ ሄደ።

ባሌ ክረምቱን አልተሻገሩም። ሲያጣጥሩ እንኳ «ወንድሜን እንዳትወቅሺው» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ይህችን ያህል ግን እጽፋለሁ።

ተማሪው ተመልሶ ለልቅሶ መጣ፤ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ።

«እትዬ፣ ወንድሜ ምነው አገባ ሳይሉ ቀሩ? የአገር ደንብ አይደለም እንዴ?»

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ያለቅሳል ብዬ ነበር።

«ያኔ ገና ተማሪ ነበርሁ እኮ» አለና ወደ ኪሱ ሊከተው ሲል ከእጁ ቀማሁት።

ከዚያ ወዲህ በተሾመ ቁጥር ደብዳቤውን ስጪኝ እያለ ሽማግሌ ይልክብኛል። ሽማግሌዎቹን አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ ባዶ እጃቸውን እሸኛቸዋለሁ።