አባ ልክ ሐኪም ሲመርጥ

ሰፈርተኛው «አባ ልክ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ እንኳ ከፊቱ ያለውን ሰውዬ የኮት ትከሻ በዓይኑ ፈትቶ መልሶ የሚሰፋ። የሰው ጠባይ ከስፌቱ ይታወቀኛል ባይ ነው። በዚህ መለኪያው ሴት ልጁን ሊያገቡ የመጡ ሁለት ጎረምሶችን አባሯል። ሦስተኛውን ልጅቷ ብልጥ ሆና አዲስ ሱፍ አልብሳ አመጣችውና አለፈ።

ስኳር አለበት። በሽታውን ከሚስቱ ጋር ተካፍለውታል፤ እሱ ይታመማል፣ እሷ ትጠነቀቃለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮት ገበር እየሰፋ ሳለ ላብ አጠመቀው፣ ትንፋሽ አጠረው። ደረቱን ግን አላመመውም። «ሙቀቱ ነው» ብሎ መስኮት ከፈተ። ሚስቱ ፊቱ አመድ መምሰሉን አየችና ክርክሩን ሳታስጨርሰው ታክሲ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ልቡ መመታቱ ታወቀ። ስኳር ያለበት ሰው አንዳንዴ ደረቱን ሳያመው እንዲህ ይሆናል አሏቸው።

«ሳያመኝ እንዴት ታመምክ ትሉኛላችሁ?» ብሎ ተቆጣ።

ሲረጋጋ ሁለት ሐኪሞች አልጋው አጠገብ መጥተው ቆሙ። አንደኛው ወጣት የልብ ሐኪም ነው፤ ነጭ ጋውኑ ተተኩሶ ኮሌታው ቀጥ ብሏል። ሌላዋ ቀዶ ሐኪም ናት። የእሷ ጋውን ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ልውደቅ አልውደቅ ይላል።

ወጣቱ ማስረዳት ጀመረ። «አባባ፣ ሦስት የልብዎ ደም ሥሮች ጠበዋል። አንደኛው መንገድ በእጅዎ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብተን የጠበበውን መክፈትና ስቴንት የሚባል ትንሽ የወንፊት ቱቦ ማስቀመጥ ነው። ቶሎ ቤትዎ ይገባሉ። ሌላው ቀዶ ሕክምና ነው። ደረትዎ ተከፍቶ፣ ከእግርዎ በሚወሰድ ደም ሥር ለደሙ ሌላ ማለፊያ ይሠራለታል። ማገገሙ ይረዝማል። ግን እንደ እርስዎ ስኳር ላለበት፣ ብዙ ደም ሥር ለጠበበበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሻለው ቀዶው ነው፤ በስቴንቱ ልብ ዳግም የመመታት ዕድሉ ይበዛል። ሁለታችንም ተማክረን የምንመክርዎ ቀዶውን ነው።»

አባ ልክ «ቶሎ ቤትዎ ይገባሉ» ከተባለ ወዲያ አንድም ቃል የሰማ አይመስልም። ዓይኑ ቁልፉ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ልጄ፣ አንተው አድርግልኝ» አለው ወጣቱን። «የራሷን ቁልፍ መትከል ያቃታት ሰው ልቤን ልትሰፋ?»

ሚስቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ቁልፏን አየችና ሳቀች። «እውነትዎን ነው። ያስቡበትና ነገ እንነጋገር» ብላ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ሚስቱ ሱሪውን ከወንበሩ ላይ አንስታ ፊቱ ዘረጋችው። አንደኛው እግር ጫፉ በስፒል ተይዟል።

«ይሄ ስፒል እዚህ ከገባ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ጊዜ የት አግኝቼ! የሰው ሥራ እየሠራሁ…» አለና አፉን ያዘ። በትዳራቸው ዘመን ሙሉ እንዲህ በገዛ አፉ ተረትቶ አያውቅም።

«ደግሞ ነገሩ ቁልፉ አይደለም» አለችው ዝግ ብላ። «ፈርተሃል።»

«እኔ? እኔ ምን ያስፈራኛል! ጨርቅ ስቀድ አይደል ዕድሜዬ ያለቀው? ብቻ የመቀደዱን ድምፅ አውቀዋለሁ… ደረቴ ሲከፈት…» አለና ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበ። እንደ ሕፃን ልጅ ፈርቶ ነበር።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው። «ግን ቶሎ ቤት እንድትገባልኝ አይደለም የምፈልገው፤ ቤት ውስጥ እንድትቆይልኝ ነው።»

በማግስቱ ሐኪሟ ስትመጣ አባ ልክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሁን፣ ዶክተር። ስፌቱን ግን ደቀቅ አድርጊው።»

«በዓይን የማይታይ» አለችው።

የቀዶው ዕለት አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት ሚስቱ እጁን ይዛ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችው። እዚያ ሲደርሱ ቀና ብሎ አያት።

«አሁን እንደ ልብሽ አልቅሺ፤ እኔ እንደሆንኩ አልሰማሽም።»

«ስትነቃ ነው የማለቅሰው» አለችው።

ነቃ። እሷም ቃሏን ጠበቀች።